ፕላስቲክ አይዝግም

ሬድዋን ከዱባይ ያመጣው ካርቶን ሲከፈት መጀመሪያ የሳቀችው እናቱ ሐሚዳ ናት። «አይ ልጄ፣ ሰባብረው ሸጡልህ» አለች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ እየሸፈነች።

ሬድዋን፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የስልክ ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ለአባቱ የሚሆን ነገር ሲፈልግ፣ ካርቶን ላይ የተሳለ ቮልስ አየና ሌላ ሳያማርጥ ገዛው። ያለቀለት መኪና መስሎታል። ውስጡ ያለው ግን እንደ ዶሮ በየብልቱ የወጣ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ በሩ ለብቻ፣ ኮፈኑ ለብቻ፣ መሪው ለብቻ፣ ጎማዎቹ በላስቲክ ከረጢት ታስረው። ካርቶኑ ላይ እንደሚታየው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ክንድ የሚያህል መኪና ይወጣዋል።

«አልሰበሩትም» አለ አባቱ ሙሄ። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ጎንበስ ብሎ ከጎማ በላይ የሚውለውን አንዱን ፓራፋንጎ በሁለት ጣቱ አነሳ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ፓራፋንጎውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። «ፈትተው ነው የላኩት። የተፈታ መኪና ደግሞ ይገጠማል።»

የሬድዋን እህት ሰሀር ከሥራ መግባቷ ነበር። በሩ ሥር አንዱን ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ቆመች። አባቷ ከ«እሺ» እና ከ«በቃኝ» አልፎ ሲናገር ከሰማች ከርማለች።

ሙሄ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ጎፋ ውስጥ ባለ ጋራዥ ነው። ባለመኪናው «ማን ቀባልህ?» ሲባል «ሙሄ» ካለ ሌላ ጥያቄ አይከተልም ነበር። መንቀጥቀጡ የጀመረው ከቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው፤ ያኔ ጨርቅ እየጨበጠ ደበቀው። ከጣት ወደ እጅ ሲወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። በመጨረሻ ግን አንድ ነጭ በር ላይ ቀለሙ ተንዠቅዥቆ ወረደ። ቀቢዎቹ እንዲህ ሲሆን «መኪናው አለቀሰ» ይላሉ። የሙሄ መኪና አልቅሶ አያውቅም ነበር። ጋራዡን አሁን የሚመራው ሳዳም ሥራውን ከሀ ጀምሮ የለመደው ከእሱ ነው። በሩን ማንም ሳያይ በራሱ እጅ አስተካከለና «ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ» አለው። ያ «ትንሽ» መጨረሻ አጣ።

ሐኪም ቤት ይዛው የምትመላለሰው ሰሀር ናት። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም የተባለው ለእሷ ነው፤ ለእናቷ የነገረችውም እሷ ናት። ለአባቷ ማንም አልነገረውም። እሱም አልጠየቀም።

ቮልሱን መግጠም የጀመሩት በማግስቱ ነው። እጁ የሰሀር፣ አፉ የሙሄ ነበር። እሷ ከሥራ መልስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ዕቃዎቹን ሻይ ትሪ ላይ ደርድራ ሙጫ ትቀባለች፤ እሱ ከወንበሩ ያዛል።

«ቀስ። በር በጉልበት አይገጠምም።»

«እሺ።»

«እሺ ትያለሽ፣ ትጫኛለሽ። እየሰማሁት እኮ ነው።»

«ፕላስቲክም ድምፅ አለው እንዴ አባ?»

«ሁሉም ነገር ድምፅ አለው። አንቺ ብቻ ነሽ የሌለሽ።»

ሐሚዳ ከወጥ ቤት ሳቀች። ሰሀርም ሳቀች፣ እውነቱን ነዋ። ለአባቷ ልትለው የምታስበው ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ቢሮ ውላ የምትገባ ሰው ሆናም ይህ አልለቀቃትም። አሁን ግን መሐላቸው መኪና ስላለ መናገር ቀለላት። ይሄ የት ይገባል፣ ያንን ላዙረው ወይ እያለች ትጠይቀዋለች፤ እሱም ይመልስና ከመልሱ ጋር አንድ የጋራዥ ታሪክ ይጨምርላታል።

ከሁሉ የወደደችው የእጅ መታጠቡን ደንብ ነው። ሙሄ መኪና ቀብቶ ሲጨርስ ዞር ብሎ አያየውም። መርጫውን ይሰቅልና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ እጁን ሙልጭ አድርጎ ታጥቦ ሲያበቃ ነው ተመልሶ የሚያየው።

«ለምን?»

«እርጥብ ቀለም ሲያበራ እጅ አያስችለውም፣ ይነካል። ዓይንሽ ሥራውን ካየ እጅሽ ይከተላል። ስትታጠቢ ግን ቀለሙም ይረጋል፣ አንቺም ትረጊያለሽ። ሳዳም እንዴት እንደተማረ ታውቂያለሽ? ሳይታጠብ ሊያይ ሄዶ የአንድ ሀብታም ሰው ኮፈን ላይ አውራ ጣቱን አትሞ መጣ። ሰውዬው ‹ይሄ ምንድነው?› አለ። ‹ፊርማዬ ነው› አልኩት እኔ። ምን ልበል?»

መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሳዳም ሊጠይቅ መጣ። አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ነጩ ቮልስ በአራት እግሩ ቆሟል። በሩ ይከፈታል፣ ኮፈኑ ይነሳል፣ ጎማዎቹ ይዞራሉ።

«ጋሼ፣ ጋራዥ ከፈቱብኝ እንዴ?»

«ባቲላሜራዋ፣ አካሉን የገጠመችው እሷ ናት» አለ ሙሄ ወደ ሰሀር በአገጩ እያመለከተ። «ቀለሙን ግን እኔ ነኝ የምቀባው። እዚህ ሳይሆን አንተ ጋ፣ በኮምፕሬሰሩ። ቀብቼ ስጨርስ እየው።»

«አያለሁ፣ ምን ችግር አለ።»

«እንደ ሕፃን እሹሩሩ አትበለኝ። ካላማረ አላማረም በለኝ። ካማረ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሁ የመጨረሻውን ቀለም ልቀባ። ማዘጋጀቱን ልጆቹ ይሥሩት። የመጨረሻውን ብቻ።»

ሳዳም ሰሀርን አየ። ሰሀር ምንጣፉን አየች።

«እሺ ጋሼ» አለ ሳዳም። «እሑድ ሰው የለም፣ እከፍትልዎታለሁ። ካማረ የመጨረሻው ቀለም የእርስዎ ነው።»

ስትሸኘው በሩ ላይ ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጁ እንዴት ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ተው አትይውም?»

«አንተስ?» አለችው።

ሳዳም ውጭ ያቆመው መኪናው ጋ እስኪደርስ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ፕላስቲኩን በየብልቱ ቀብቶ ኋላ ይገጥመው ነበር። ሙሄ ግን የሚያውቀው ሙሉ መኪና መቀባት ነው። ቅዳሜ ዕለት ሰሀርን ጎማዎቹንና መስኮቶቹን በጋዜጣና በፕላስተር አሸፈናት፤ ቀለም የማይነካው ቦታ ሁሉ በጋራዥ ደንብ ተጠቀለለ። እሑድ ጠዋት መኪናውን በሻይ ትሪው ላይ አድርጋ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ከነፋስ ስልክ ታክሲ ያዙ። መርጫው የሙሄ የራሱ ነው፤ በፎጣ ጠቅልሎ ጉያው ይዞታል።

«ኬክ ነው?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት።

«መኪና ነው» አለች ሰሀር፣ ጆሮዋ ድረስ እየቀላች።

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። «ታርጋ የለውም። በዚህ መንገድ ላይ እንዴት ያልፋል?»

«ሳይቀባ ታርጋ አይሰጡም» አለ ሙሄ። «ስንመለስ ታየዋለህ።»

ታክሲው ሳቀ። ሰሀር የአባቷን ፊት በጎን አየችው። ተላጭቷል፤ የጋራዥ ቱታውን ሐሚዳ አጥባ ተኩሳለታለች። ያረቢ፣ አለች በልቧ፣ ዛሬን ብቻ እጁን ያዝለት።

ጋራዡ ሰው ሲጠፋበት ይሰፋል። ሳዳም ቀድሞ ገብቶ አቧራው እንዲተኛ ወለሉን ውሃ ረጭቶታል። ትሪውን ወደ ጎን አኑረው ቮልሱን በርሜል ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ አቆሙት፣ አምፖሉ ሥር። ሙሄ ቀለሙን ራሱ በጠበጠ። ውሃ ሰማያዊ ነው፤ በልጅነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው የቀባው መኪና እንዲህ ያለ ቮልስ ነበር። ማቅጠኛውን ቲነር ጨመረበት፣ በእንጨት አማሰለው፣ እንጨቱን ከፍ አድርጎ አወራረዱን አየ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ከቲነሩ ጥቂት መሬት ፈሰሰ። ሳዳም ያላየ መስሎ ኮምፕሬሰሩን ሊያስነሳ ዞረ።

«አንቲራስቱን ላምጣ ጋሼ?»

«ለምኑ?»

«ያው፣ ከሥር…»

«አንቲራስት ለዝገት ነው።» ሙሄ ከልቡ ሳቀ። «ፕላስቲክ አይዝግም ሳዳም።»

ሳዳምም ሳቀ። «እሱስ ልክ ነው። ያን ሁሉ የመኪና መከላከያ፣ የፕላስቲክ ፓራውልት ስንቀባ ምን ሆነ?»

«ደግሞ ነጭ ነው። ሰማያዊ ነጭ ላይ ሲያርፍ ይበራል። አመድ የመሰለ አንቲራስት አልብሼ ላጨልመው?»

ሰሀርም ፈገግ አለች። የማይዝግ መኪና አስቂኝ ነገር መሰላት።

የመጨረሻ ቀለም ሲቀባ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ሰው አይናገርም። ሙሄ መርጫውን አነሳ። የጎማ ቱቦው እንደ እባብ ተንቀጠቀጠ። ሰሀር ዓይኗን እጁ ላይ ተክላ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። ሳዳም ወለሉን ያያል።

«ቢስሚላህ» አለና ምላጩን ሳበ።

ቀለሙ እንደ ጭጋግ ወጣ። እጁም ረጋ።

ጉልበት ተጨመረለት ለማለት አይደለም፤ እጁ ከመንገድ ደክሞ ቤቱ የገባ ሰው ነበር የሚመስለው። ከኮፈኑ ተነሳ፣ በጣራው አለፈ፣ ከኋላ ወረደ፣ ተመለሰ። ክንዱ ከትከሻው እንደ በር በማጠፊያው ይዞራል፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ሰሀር አባቷ ሲሠራ አይታው አታውቅም ነበር። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስለት ጋራዡ በር ላይ ሰጥታ ትመለስ ነበር እንጂ። ይህን ነው ለካ ከቤት ወጥቶ ሲያደርግ የኖረው፣ አለች። ወደ ሳዳም ዞር ስትል እሱም ቀና ብሏል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሙሄ ሁለተኛውን ቅብ ወፈር አድርጎ ደረበበት፣ መስታወት የሚያስመስለው እሱ ነው። ጋራዡ በቲነር ሽታ ታፈነ። ሰማያዊው ቮልስ አምፖሉን ጣራው ላይ ተሸክሞ አበራ። አንድም ቦታ አላለቀሰም።

ሙሄ መርጫውን ሰቀለ፣ ጀርባውን ሰጠ፣ ወደ ጥግ ቧንቧው ሄደ። አላየውም።

«ሳዳም» አለ ቧንቧውን እየከፈተ። «እጄን አየኸው?»

«አየሁት ጋሼ። ወላሂ እንደ ድሮው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔም ሰማሁት። ምንም አላለም።»

መጀመሪያ ያየችው ሰሀር ናት። ጣራው ላይ ያለው የአምፖል ብርሃን ጠመመ። ዓይኗ መሰላትና ጨፈነች፣ ገለጠች። ብርሃኑ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ተበታተነ። የፈላ ወተት አናቱ ላይ እንደሚይዘው ስልባቦት ጣራው መጨማደድ ጀመረ። ሽብሽቡ ወደ ኮፈኑ ወረደ፣ ፓራፋንጎውን ዞረ። የቀረው የሳሎን ምንጣፍ ላይ ሙጫ ስትቀባለት የነበረው በር ነው፤ እሱም ከታች ጫፉ ተቆለመመ።

ሳዳም ተጠግቶ አጎነበሰ።

«ቲነሩ ነው» አለ በሹክሹክታ። «እየበላው ነው። ይሄ ፕላስቲክ እኛ እንደምንቀባው ዓይነት አይደለም።»

«ምን ይደረግ?»

ሳዳም ጨርቅ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ቢጠርገው ቀለሙ ከነፕላስቲኩ ይነሳል። ውሃ ቢያፈስበት ቀድሞ የገባውን ቲነር አያወጣውም። ዝም ቢሉትም ይበላዋል። እጁን ዘረጋ፤ ሊነካው ሲል ሰበሰበው።

«ምንም» አለ።

ሙሄ እየታጠበ ነው። እጁ በውሃው ሥር መልሶ ስለተንቀጠቀጠ ሳሙናው ያመልጠዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ እንደገና ያመልጠዋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል። ድምፁ ደስ ብሎታል።

«ረቡዕ ነው የሚሻለኝ። ረቡዕ ልምጣ?»

ሳዳም ሰሀርን አየ። የምትለው ነገር እንዳላት በዓይኑ ይጠይቃታል። እሷ ጨርቁን አነሳች።

«ረቡዕ ጥሩ ነው ጋሼ።»

«አሰናድታችሁ ጠብቁኝ እንጂ እኔ አልፍግም። አንተ የመጨረሻው ላይ ትቸኩላለህ። ድሮም ትቸኩላለህ።»

«እቸኩላለሁ ጋሼ።»

«ሰሀር፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ሰሀር በንጹሑ ጨርቅ መኪናውን ታራግብ ነበር። ለምን እንደምታራግብ አታውቅም። ቁስል ላይ እንደሚተነፍስ ሰው አጎንብሳ እፍ አለችበት፤ ጣራው በመሐሉ ወደ ውስጥ ሰመጠ። «አባ» አለች። ቃሉ ከቧንቧው ድምፅ አልበለጠም። ብትጮህስ ምን ትለዋለች? አትምጣ? አትታጠብ? እጁን እያሻ ባለበት እዚያው ቢቆም፣ ሳሙናው ባያልቅ፣ ቧንቧው ባይዘጋ ብላ ተመኘች።

ቧንቧው ተዘጋ። ሙሄ እጆቹን እያራገፈ መጣ።

ሳዳምና ሰሀር መንገድ ለቀቁለት። መኪናው ፊት ቆመ። መጀመሪያ ያየው ከሩቅ ነው፣ ከዚያ ከቅርብ። ዞሮ በኋላ በኩል አየው። አጎንብሶ አሸተተው። አልነካውም፤ ደንቡን አሁንም አልጣሰም።

«አልጠየቅኩትም» አለ።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ አላወቅኩም። ማን ያውቃል?»

«አንተ ጠይቀሃል። አንቲራስት ላምጣ ብለኸኛል።»

«ለዝገት ብዬ እኮ ነው! ይሄን አስቤ መሰለዎት?»

«ያም ሆነ ይህ በመሐል ይገባ ነበር። ቲነሩ እስኪተን ያግደው ነበር።» የተቆለመመውን በር አየ። «ከሥር ያለው ምንድነው ብሎ ያልጠየቀ ቀቢ ምን ቀቢ ነው? አንተን በዚህ ጆሮህን የቆነጠጥኩህ እኔ ነኝ።»

«እጅዎን ግን አይተናል። ረቡዕ ይምጡ። የምሬን ነው ጋሼ፣ ለይሉኝታ አይደለም።»

ሙሄ ቀና ብሎ አየው። በአባትነት ዓይን ነው ያየው፣ ያለ ቂም። «ረቡዕ ምን አለ?» አለው።

ሳዳም ፊቱን አዞረ። ኮምፕሬሰሩን ሊያጠፋ ሄደ፤ ጠፍቶ ቆይቷል።

ጥቂት ከቆዩ በኋላ ሙሄ ሰሀርን «ጋዜጣውን አንሺ» አላት። ከቅብ በኋላ እንደሚደረገው ፕላስተሩን በጥፍሯ እያስነሳች ላጠችው። ጎማዎቹ ጥቁር ሆነው፣ መስኮቶቹ ጥርት ብለው ወጡ። በመስኮቱ ውስጥ እሷ የገጠመችው መሪ ይታያል፣ ከሰመጠው ጣራ ሥር። መኪናውን ትሪው ላይ መለሱት። ሳዳም ልሸኛችሁ አለ፤ ሙሄ በታክሲ እንሄዳለን አለ። መርጫውን ከተሰቀለበት አላወረደውም። ሰሀር ልታስታውሰው ብላ ሳዳምን አየች፤ ሳዳምም መርጫውን እያየ ነበር። ሁለቱም ተዉት።

በታክሲው ውስጥ ትሪውን ሙሄ ራሱ ጉልበቱ ላይ ያዘው። ቀለሙ ስላልደረቀ ጨርቅ አልጣሉበትም። ጎማዎቹ አሁን ከጋዜጣ ስለተፈቱ፣ እጁ ትሪውን ባንቀጠቀጠ ቁጥር ቮልሱ ወደፊት ትንሽ ይሄድና ይመለሳል።

ሰሀር ከጎፋ እስኪወጡ ቃላቱን ስታሰናዳ ቆየች።

«አባ፣ እጅህ ግን አልተንቀጠቀጠም።»

«አይቻለሁ» አለ። «እሱ ነው የባሰው። ጥፋቱ የእጄ ቢሆን ኖሮ ሐኪም አለ፤ መድኃኒቱን ከያዙት ይድናል።»

ልትመልስለት የምትችለው ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ውሸት፣ ሁለተኛው ሐኪሙ ያለው። ሁለቱም ጉሮሮዋ ድረስ መጡና ተመለሱ።

«አባቴ፣ መንዳት ጀመሩ እንዴ?» አለ ረዳቱ፣ የጠዋቱ አይደለም፣ ሌላ ነው። ከኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን አስግገው መኪናው ወደፊት ሲሄድ፣ ወደኋላ ሲመለስ አዩና ፈገግ አሉ። ሽማግሌው የሚጫወት መስሏቸዋል። ሙሄ ትሪውን አጥብቆ ሲይዘው ጭራሽ ባሰበት፤ ቮልሱ ከትሪው ከንፈር ጋር ቂ… ቂ… እያለ ይጋጭ ጀመር።

ሰሀር ሽታው ሰው እንዳያስቸግር መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ከላጠችው ጋዜጣ ቁራጭ አውጥታ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ባለታክሲዎች ዳገት ላይ ድንጋይ ታኮ እንደሚያደርጉት ከፊት ጎማው ሥር ሸጎጠችው። ሌላ ቁራጭ ከኋላው።

መኪናው ቆመ። ትሪው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።